ቀለሙ እንዳይበላሽ ስለ ተፈታው ካቢኔት

ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ዓይንዎ ሳይፈዝ፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ እንደ ተፈጠሩ ጸንተው ይኖሩልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ጣት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ በእርጅናዬ ያስተማረኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነውና። እኔ በመዝገብ ቤትዎ የምትሠራው፣ ባለፈው ወር የፋይል ካቢኔት ወድቆባት የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች የደቀቁባት ሴት አባት ነኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ «በራሷ ቸልተኝነት ተጎድታ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አበላሽታለች» በሚል ክስ ከሥራ ሊያሰናብታት ለመጪው ሰኞ ስለ ቀጠራት፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ለውበት ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ካቢኔት ላይኛው መሳቢያው በተሳበ ቁጥር ወደ ፊት እንደሚያዘነብል ያወቁት፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ስለ ቀለም ደንታ ያልነበራቸው ሰው፣ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሳስረውት ነበር። እርስዎ ግን «እንግዶች ይመጣሉ» ተብሎ ክፍሉ ሲቀባ ብሎኑን አስፈቱት፤ ቀዳዳዎቹንም አስደፍነው በላያቸው አስቀቡ። ልጄም «ኧረ ጋሼ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል፤ መልሰው ያሳስሩልን» ብላ ብትለምንዎ፣ «አንቺ ደግሞ! ትናንት የተቀባ ግድግዳ ልታስበሺኝ ነው? ቀስ ብለሽ ክፈቺው» ሲሉ በአባትነት መከሯት። ምክርዎን ሰምታ ቀስ ብላ ከፈተችው። እርሱ ግን ቀስ ብሎ አልወደቀም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈጣን እርምጃዎ አመሰግናለሁ። ደሟ ከወለሉ ሳይጠረግ የሥራ ደኅንነት ኮሚቴዎ ተሰብስቦ «ጥንቃቄ ከራስ ይጀምራል» የሚል ያማረ ጽሑፍ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ለጠፈ። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ሲተርቱ፣ ጅቡ የነከሰውን ሰው መልሶ የሚነክስ ውሻ ገና አላዩም ነበር።

ሦስተኛ፣ እናቷ ትጎነጉነው የነበረውን የልጅ ልጄን ጠጉር አሁን የምጎነጉነው እኔ ነኝ። ለዚህ የሚሆን የምስጋና ቃል አላገኘሁም።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ልጄን የጣለው ካቢኔት ከእንግዶች ዓይን ይሰወር ዘንድ ወደ እርስዎ ቢሮ ተወስዶ ከወንበርዎ ጀርባ እንደ ቆመ ሰምቼ፣ በትሕትናዎ ልደነቅ ስል፣ የመሥሪያ ቤቱ አናጺ ልጄን ሊጠይቅ ቤቴ መጥቶ የቀረውን አጫወተኝ። ካቢኔቱ ገና በርዎን ሲያልፍ አናጺውን አስጠርተው፣ «ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ በላዬ እንዳይወድቅ!» ብለውታል አሉ። እርሱም መሰርሰሪያውን እንደ ያዘ «ቀለሙስ ጋሼ?» ቢልዎ፣ «ስለ ቀለሙ አንተን ማን ጠየቀህ!» ብለው ጮኹበት። እንግዲህ የእርስዎ ግድግዳም በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ቀለም የተቀባ ነው። ስለዚህ አለማወቅ አልነበረም፤ ማወቅዎ ከራስዎ ጀርባ አላለፈም እንጂ። ይህ አናጺ ሰኞ ከልጄ ጎን ቆሞ የነገረኝን ለኮሚቴዎ ይደግማል፤ ኮሚቴው ጆሮ ቢነፍገው፣ በሥራ ክርክር ችሎት የተቀመጡት ዳኛ ይሰሙታል።

ጎረቤቶቼ «ሽማግሌ አይደለህ? ይቅር በል» ይሉኛል፤ እኔም ሌሎችን ሳስታርቅ የኖርሁ ሰው ነበርሁ። ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በዱላ ደም የምመልስበት ጉልበት የለኝም፤ የማልደክምበት አንድ ነገር ቢኖር መጠበቅ ነውና፣ ከኮሚቴ ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ይግባኝ፣ በሄዱበት ሁሉ ከኋላዎ እመጣለሁ፤ ልጄ ወደ ወንበሯ ተመልሳ፣ «ቸልተኛ» የሚለው ቃል ወደ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ። ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎም ለዚህ ነው፦ ፍርዱን ሳይሰሙ እንዳያመልጡኝ።

በመንገድዎ እንቅፋት፣ በደረጃዎ ድጥ እንዳይገጥምዎ ከቤተሰብዎ ይልቅ የሚሳሳልዎ፣
የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አባት

ማስታወሻ፦ ችሎት በሚቀርቡበት ዕለት ከጀርባዎ ምን እንዳለ አያሳስብዎ፤ እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።