ደካማ ስለተባለው መቅኔዬ

ለተከበሩ የምርምር ማዕከሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ንግግርዎ የረዘመ ይሁን እያልሁ፣ እኔ ከግራ ዳሌዬ መቅኔ የሰጠሁት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ይህን ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ በመርፌ ስወጋ ኖሬ ተራው ሲደርሰኝ ሳላጉረመርም የተኛሁት፣ ልጄ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሮቹ ከከዱት ወዲህ ነርቭ የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ስለሚቆም ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሥራው ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችሉትን የመቅኔ ግንደ ሕዋሳት ነርቭ መሰል ማድረግ ይቻል እንደሆነ ለማየት እንጂ ለልጄ መድኃኒት እንዳልሆነ አስረድታኛለች። ለማንም ይድረስ ብዬ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሕዋሳቱ እንደ ነርቭ ቀጫጭን ክንድ ማውጣት ጀመሩ፤ በማይክሮስኮፕ ብታሳየኝ እንደ ሞኝ አለቀስሁ። በአራተኛው ሳምንት እርስዎ እንግዶች ጠሩ። ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ሕዋሳቱ የሰውነት ሙቀት ከሚጠብቅላቸው ሣጥን ወጥተው፣ በአዳራሹ መድረክ ከአበባው ጎን ተደርድረው፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ንግግርዎን እንዲያዳምጡ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በዚያ አዳራሽ ኮት የለበስነው እንኳ በብርድ ተንቀጥቅጠናል።

፪. ባለሙያዋ ሕዋሳቱ ይሞታሉ ብላ በጆሮዎ ስትነግርዎ ፕሮግራም እንዳታበላሽ ብለው በፈገግታ ስለመለሷት፣ አንድ የተከበሩ እንግዳም የሕዋሳቱን ብልቃጥ ክዳን ከፍተው ሲያሸቱ ስላልከለከሉ፣ እንግዳ ተቀባይነትዎን አደንቃለሁ።

፫. ሕዋሳቱ በማግስቱ ሞተው ሲገኙ በሪፖርትዎ «የለጋሹ መቅኔ በተፈጥሮው ደካማ በመሆኑ» ብለው ጽፈዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እኔም በካውያ ያቃጠልሁት የደንበኛ ሱሪ አለ፤ ጥጡን ግን ሰድቤ አላውቅም።

እስከዚህ ስቄ ባለፍሁት ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ ልጄ እጅ ገባ። ጠዋት ጠዋት የመለማመጃ ብረቱን ይዞ ለመቆም ይታገል የነበረው ልጄ ወረቀቱን አጥፎ «አባዬ፣ ከደካማ መቅኔ የወጣ ሰው ምን ይጠበቅበታል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብረቱን ያዝ ብዬ ብለምነው፣ እናቱም ብታለቅስበት፣ ወይ ፍንክች። በዚህስ ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ በትሕትና ልሸፍነው ሞክሬ አልተቻለኝም።

የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሕዋሳቱን የገደላቸው ብርድ መሆኑ ይጻፍና ማኅተም ይረፍበት፤ ወስጄ ለልጄ አነብለታለሁ። ቀኝ ዳሌዬ ገና አልተነካም፤ ለባለሙያዋ ሲያስፈልግ ይጥሩኝ።

በዚያ አዳራሽ ሳያንቀላፋ ያዳመጠዎት ብቸኛው ሰው፣
ታዛዥዎ ደካማው ለጋሽ

ግልባጭ፦
ለግራ ዳሌዬ፣ ለመረጃ ያህል

ማሳሰቢያ፦ በኮሪደሩ ላይ ያሰቀሉትን ፎቶግራፍ አየሁት። ንግግርዎን እንደጨረሱ ብልቃጡን ከፍ አድርገው ፈገግ ብለዋል፤ ከሥሩም «ሕያው ሕዋሳት» ተብሎ ተጽፏል። ባለሙያዋን ብጠይቃት እንደነገረችኝ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ፎቶ ውስጥ በሕይወት የነበሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ።