ሹፌሯ እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 2

የጥርስ ሐኪሙን መጋረጃ ሰቅዬ ተመለስኩ። ሰቅዬ ስል... እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አዛለሁ፣ ወንድሜ መሰላል ላይ ይንጠለጠላል። ስፌቱ ግን የኔ ነው። ሐኪሙ በጣም ወደደው።

ስንመለስ ያው የታክሲ ጣጣ። አንዱ ቆመ፣ ክራንቾቼን አየ፣ የጨርቁን ጥቅል አየ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ። እግር ያለው ሰው ምን ቸገረው?

የኔዋ መኪና ደግሞ ግቢ ውስጥ ቆማ ታየኛለች። ብሎን ሥራውን ጨርሷል። መካኒኩን ነው ብሎን የምንለው፤ አጭርና ጥብቅ ያለ ሰው ስለሆነ። ከመሪው ሥር የእጅ ማንሻ ገጥሞላታል። ወደፊት ስገፋው ፍሬን፣ ወደ ራሴ ስስበው ነዳጅ። የእግሩም ፔዳል እንዳለ ነው፤ ለኔ ግን እግር አያስፈልግም። ሜዳ ላይ በሷው ተለማመድኩ፣ በሷው ተፈተንኩ፣ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። የቀረኝ ኢንሹራንስ ብቻ ነው።

እማዬ ዛሬም ዞራ አየቻትና ማን ሊነዳት ነው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

«እሱማ ባለቤቷ ነሽ። የሚነዳትን ነው የምጠይቅሽ።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4

ሁለት ኢንሹራንስ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ጋ አንድ ልጅ እግር ተቀበለኝ። ድንገት ቢያጋጥምዎ በምን ያቆማሉ? በእጄ አልኩት። እጅዎ ቢደክምስ? ያንተ እግር ቢደክምስ ልለው ነበር... ተውኩት። ገብቶ አለቃውን አማከረና አይሆንም ብሎ መጣ።

ሁለተኛዎቹ እሺ አሉ፤ ግን ማንሻው ሽፋን ውስጥ አይገባም። በኋላ እንደተገጠመ ሬዲዮ ነው የምንቆጥረው አሉኝ። ሬዲዮ ቢሰበር ዘፈን ይቀርብኛል። ማንሻው ቢሰበር መኪናዋ ራሷ ቀረችብኝ። ይሄን ለማስረዳት ስንት ሰዓት ለፈለፍኩ... ጆሮ ዳባ ልበስ።

ማታ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደወለች። የሁሉንም ክፍል መጋረጃ ልትሰጠኝ ትፈልጋለች። ግን ጨርቅ ይዤ በየጊዜው መመላለስ አለብኝ። መኪና አለሽ? አለች። አለኝ አልኩ። አልዋሸሁም እኮ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5

አንዲት ባለ ቀይ መነጽር የኢንሹራንስ ወኪል ቤት ድረስ መጣች። ጥሩ ሴት ናት፣ ጣጣ አትወድም። ሹፌሩ ወንድምሽ ነው ብለን እንጻፍ አለችኝ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። እኔስ ስነዳት? «ማን ያይሻል?»

እማዬ እፎይ አለች። ወንድሜ ከሷም ይበልጥ ደስ ብሎታል... ካሁኑ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

ብሎንን ጠየቅሁት። የተጋጨሽ ቀን ያዩሻል አለኝ። ከአንቺ ሲቀበሉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሊከፍሉሽ ሲሉ ይገልጡታል። ያልተጻፈ ሰው ነዳ ብለው ባዶ እጅሽን ይሰዱሻል። ልክ ነው። ግን መጋረጃዎቹስ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ሦስተኛው ቤት ጭራሽ እምቢ አለ። ለወኪሏ ደውዬ እሺ አልኳት።

ባለቤት እኔ፣ ሹፌር ወንድሜ። በገዛ መኪናዬ ተሳፋሪ ሆንኩ። ማልቀስ አልወድም፤ ዛሬ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ከምሳ የተረፈውን በላሁና ተሻለኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13

እስካሁን ሆዴን ያመኛል፣ ከሳቅ ብዛት።

የኢንሹራንሱ ባለሙያ ከወኪሏ ጋር መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከረባት ያሰረ ሰው። መኪናዋን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ፣ ከዚያ ሹፌሩ እስቲ ግቢው ውስጥ ያንቀሳቅሳት፣ እኔም አብሬው ልቀመጥ አለ። ይሄን ማናችንም አላሰብነውም። ወንድሜ ይቺን መኪና ነድቷት አያውቅም... ግን አልችልም ማለትን ከማን ይማር?

እስከ ልብስ ማስጫው ድረስ በሰላም ሄዱ። እዚያ ጋ ጉልበቱ ማንሻውን ነካው፣ ደነገጠ፣ ያገኘውን ጨበጠ። ያገኘው ማንሻውን ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባል... መሳብ ነዳጅ ነው። የእማዬን አንሶላዎች ከነገመዳቸው ይዘው ሄደው፣ ለአጥሩ ሥራ የተራገፈው አሸዋ ውስጥ ተሰኩ። ማንም አልተጎዳም። መኪናዋ በነጭ አንሶላ ተሸፍና ሙሽራ መስላለች። ከውስጥ ባለሙያው በትሕትና «ምንም አይታየኝም» ይላል።

ወንድሜን ውረድ አልኩት። ገባሁ፣ ክራንቾቼን ወደ ኋላ ወረወርኩ። እማዬ አንሶላውን ገፈፈችልን። የኋላ ማርሽ አስገብቼ ማንሻውን ቀስ አድርጌ ሳብኩት። ወጣች። አዙሬ ድሮ የነበረችበት ቦታ አቆምኳት።

ሰውዬው ከረባቱን አስተካከለ። «ቆይ... በእውነት ይቺን መኪና የሚነዳው ማነው?»

ወኪሏ መነጽሯን ማጽዳት ጀመረች። ወንድሜ ጫማውን ያያል። እኔ አፌን ልከፍት ስል እማዬ ቀደመችኝ። እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች ነው።

«ልጄ ናት የምትነዳው። እሷን ጻፍ።»

እማዬ። ያቺው እማዬ...

ሰውዬው ወንድሜን ጻፍ ብትሉኝም አልጽፍ አለና ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ትቶ ሥራውን ሠራ። ከግቢው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አስነዳኝ፤ ድንገተኛ ፍሬን አስያዘኝ፣ ወደ ኋላ አስገባኝ። ብሎንን አስጠርቶ ስለ ማንሻው አንድ በአንድ አፋጠጠው። ሲሄድ ያየሁትን እጽፋለሁ አለኝ። ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይሄን ይሆን?

እማዬ አንሶላዎቹን እንደገና አጠበች። ወንድሜ ነው የጨመቀው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18

ውሉ መጣ! ሹፌር የሚለው ቦታ ላይ የኔ ስም አለ። ማንሻው የመኪናዋ አካል ነው ተብሎ ሽፋን ውስጥ ገብቷል። ዋጋውም ጤነኛ ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 22

የእንግዳ ማረፊያዋን የመጀመሪያ ክፍሎች መጋረጃ ጭኜ ልወጣ ስል፣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። መንገድ ላይ ዕቃ የሚይዝልሽ ያስፈልግሻል አለች። ዕቃው እኮ ከኋላ ታስሯል። በሩን ከፈትኩላት። ከፊት ገባች።

ስንሄድ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛ፣ መኪና ባየች ቁጥር እሷም በእግሯ ፍሬን ትይዛለች። ዞር ብዬ እንኳ አልሳቅሁባትም።

ስንመለስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ተቆጣች እንዴ ብዬ አየኋት። እጇ ከእጀታው ወርዷል፣ አፏ ገርበብ ብሏል፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ።

ደጃችን ስንደርስ አልቀሰቀስኳትም። ማንሻውን ቀስ ብዬ ሳብኩና አንድ ዙር ጨመርኩ።