የአርባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ

ጃንዋሪ 12
ሻትል ነዳሁ። ኤርፖርት፣ ፓርኪንግ፣ ኤርፖርት... ብርዱ አይጣል ነው። የአንዲት ተሳፋሪ ሻንጣ ላነሳ ስል ከእጄ ነጠቀችኝ። «ኖ ኖ ሰር፣ አይ ጋት ኢት!» ቤት ገብቼ መስታወት አየሁ። ቅንድቤ ነጭ! ፂሜም ነጭ! ገና አርባ አራት ዓመቴ ነው እኮ።

ጃንዋሪ 14
ዶክተሯ ምንም አልመሰላትም። ኪኒኑ ፀጉር ያነጣል አለች። ከኩላሊቴ ተነስቶ ሳንባዬ ለገባው ካንሰር ሁለት መድኃኒት ነው የሚሰጡኝ። ኪኒኑ ዕጢውን ደም ይከለክለዋል። በየሦስት ሳምንቱ በክንዴ የሚንጠባጠበው ደግሞ የሰውነቴን መከላከያ ይቀሰቅሳል። ከነቃ በኋላ ግን ማንን እንደሚመታ እርግጠኛ አይደሉም። ዘበኛውን ቀስቅሰናል፣ ግን ሰካራም ነው... እንደማለት አይደል? መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ሜይ ላይ፣ በስካን።

ፌብሩዋሪ 2
መስጊድ ውስጥ ወንበር አመጡልኝ። ሰው ሁሉ አንቱ ይለኛል። ናዲራም ልታበሽቀኝ፣ «አባባ፣ ሻይ ልቅዳልዎት?» ሚስቴ እኮ ናት! ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሳላረጅ እንዳልሞት ነበር የምፈራው።

ፌብሩዋሪ 20
አብሮኝ የሚነዳው ፈዋዝ ሻሂዳን ሊያገባ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎደለበት።
«ባህሩ፣ አንተ ሂድልኝ።»
«አብደሃል? በአሥር ዓመት ብበልጥህ ነው!»
«ዕድሜ ማን ይጠይቃል? ኮፍያህን ብቻ አውልቅ።»

ማርች 1
ሆፕኪንስ ከተማ፣ የሻሂዳ አባት የጋሽ ባድሩ አፓርትመንት። ሦስት ሆነን ቆምን። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ኪኒኑ ደግሞ ውስጥ እግሬን ልጦታል... ፍም ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ጋሽ ባድሩ አይቸኩሉም። ስለ ፈዋዝ ባሕርይ ጠየቁ፣ ስለ ሶላቱ፣ ስለ ትራፊክ ቲኬቱ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እንባዬ ወረደ። «እባክዎ...» አልኩ፣ መድኃኒቱ ባሻከረው ድምፄ። ልቀመጥ ማለቴ ነበር።
ጋሽ ባድሩ ብድግ አሉ። «እኚህን አባት እያስለቀስኩ? ኧረ ሰጥቻለሁ! ይቀመጡ!»
ሰርጉ ጁን ላይ ነው። «እርስዎ ካልመጡ ሰርግ የለም» አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ። ጁን ድረስ... በምን አቅሜ?

ኤፕሪል 9
ዘበኛው ጉበቴን መታ። ሁለቱም መድኃኒቶች ቆሙ። አሁን የምወስደው ዘበኛውን ማብረጃ ብቻ ነው።

ሜይ 10
ከሥሩ ጥቁር ፀጉር እየበቀለ ነው። ናዲራ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ፈራሁ። መድኃኒቱ እንዳለ የማውቀው በነጩ ነበር! የፈዋዝ ፍርሃት ሌላ ነው... ነጭ የፀጉር ቀለም ይዞ መጣ። አባረርኩት።

ሜይ 22
ስካን። ዕጢው በግማሽ አንሷል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም አላደገም። መከላከያዬ ሥራውን ቀጥሏል አለች ዶክተሯ። ናዲራ አቅፋት አልለቅ አለች።

ጁን 14
ሰርግ። ጋሽ ባድሩ ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ራሴን ትክ ብለው አዩት።
«ዕድሜዎ ስንት ነው?»
መዋሸት አልቻልኩም። አርባ አራት። ሕመሙንም፣ እግሬንም፣ «እባክዎ» ያልኩት ልቀመጥ ብዬ እንደሆነም ነገርኳቸው። ፈዋዝን ላብ አጠመቀው።
«አንተ!» አሉኝ። ከስንት ወር በኋላ ከቤትና ከፈዋዝ ውጪ አንተ ተባልኩ። ደስ ሲል!
«የሻሂዳ ልጅ ሲያገባ ሽማግሌው አንተ ነህ።»
«ጋሼ፣ ያ እኮ ሃያ ምናምን ዓመት...»
ከወንበራቸው ተነሱ። ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።
«እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም።»
ሰው ሁሉ ያየናል። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
እሺ አልኳቸው።