አቶ አካሉ ጥዑመ ልሳን መሪውን ለምን ተዉ

አቶ አካሉ ጥዑመ ልሳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ቃለ ሕይወት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ኅዳር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ወለተ ኪዳን ናት። ከባሕር ዳርም ከሌላም ቦታ ለመጣችሁ የመኪና ውድድር ወዳጆች አስቀድሞ አንድ ነገር መነገር አለበት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጠይቁት የኖራችሁት ጥያቄ መልሱ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ተነቦ እስኪያልቅ ማንም እንዳይሄድ ቤተሰቡ ይለምናል።

አቶ አካሉ እንደ ካህን ልጅ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዜማም ጀምረው ነበር። አባታቸው ወንበሬን ይወርሳል ብለው ተስፋ ቢያደርጉም እርሳቸው ልባቸው ከሞተር ጋር ሆነ። ለዘመናዊ ትምህርት ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው፣ ግሽ አባይ ሰፈር አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው በ1986 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ከአቶ አብዱልሃኪም መስዑድ ጋር የተዋወቁት በእነዚያ ዓመታት ነው። የአቶ አብዱልሃኪም አባት በሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠሩ ነበር። አንዱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ዓርብ መስጊድ ይሄዳሉ፤ በቀረው ጊዜ ሁለቱም የሚገኙት መኪና ሥር ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ሁለቱም በአንድ ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጠሩ። ሰው የጣላትን አንዲት አሮጌ ቶዮታ በአራት ዓመት ጠግነው አስነሷትና በ1992 ዓ.ም. ከመሸንቲ ወዲያ ባለው የጠጠር መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደሩ። አንደኛ ወጡ። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተወዳድረው አሥራ ዘጠኙን አሸንፈዋል። ደጋፊው «ማዕበሉ» ብሎ ሰየማቸው፤ በዚህም ስም ከአባታቸው ስም አስበልጦ ይጠራቸው ጀመር። በ1996 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማኅሌት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ግሩምንና አደይን ወልደዋል።

የውድድር መኪና ሁለት ሰው ይይዛል። አንዱ ይነዳል፤ ሁለተኛው የሚመጣውን መንገድ አስቀድሞ ከተጻፈ ማስታወሻ ጮክ ብሎ ያነብለታል። አቶ አካሉ ይህን ማስታወሻ በፊደል መጻፍ ስላልተመቻቸው ከአባታቸው በተማሩት የዜማ ምልክት ጻፉት። ቁልቁለቱ ድፋት፣ ኮረኮንቹ ርክርክ፣ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ቁርጥ ሆነ። አቶ አብዱልሃኪምም ምልክቶቹን በሁለት ወር አጠኑ። መሪጌታ ይህን የሰሙ ዕለት የያሬድ ምልክት ለጎማ ጩኸት ዋለ ብለው ተቆጡ። ኋላ ግን አቶ አብዱልሃኪምን አስጠርተው አስነበቧቸውና ከገዛ ተማሪዎቼ ሁለቱ እንኳ እንደዚህ አይዘልቁትም ብለው ሳቁ።

ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም. የዓመቱ ትልቅ ውድድር ነበር። በመጨረሻው ዙር ከመሪው መኪና በሦስት ሰከንድ ቀርተዋል። ከመሸንቲ በላይ ወዳለው ጠባብ ድልድይ ሲቃረቡ አቶ አብዱልሃኪም «ቁርጥ» ብለው አነበቡ። አቶ አካሉ ሰሙ፤ ፍሬን ግን አልያዙም። መኪናዋ የድልድዩን ጠርዝ መትታ ደረቁ ወንዝ ውስጥ በቀኝ ጎኗ ወደቀች። አቶ አካሉ በመስኮት ወጡ። አቶ አብዱልሃኪም ደረታቸው ተጨፍልቆ፣ ቀኝ እግራቸው ተሰብሮ ከውስጥ ቀሩ። ቤንዚን እየፈሰሰ ነበር። ሕዝቡ መኪናዋን በእጁ እስኪያነሣት ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አቶ አካሉ በተሰበረው መስኮት እጃቸውን አስገብተው የጓደኛቸውን ራስ ደግፈው ይዘው ነበር። አቶ አብዱልሃኪም አሥራ አንድ ቀን ራሳቸውን ሳያውቁ በሆስፒታል ተኙ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዐይናቸውን ገለጡ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እርሱ በትክክል አንብቧል ብለው አቶ አካሉ በአደባባይ ተናገሩ። ደጋፊው ግን ፈጣን ሰው ያጠፋል ብሎ ወዲያው ይቅር አላቸው።

በሚያዝያ ወር ናይሮቢ ካለ የውድድር ቡድን ደብዳቤ መጣ። ቡድኑ ለአፍሪካ ሻምፒዮና አቶ አካሉን ለነጂነት፣ አቶ አብዱልሃኪምን ለአንባቢነት ጠየቀ። መልስ የሚጠብቀው ሰባት ቀን ብቻ ነበር። አቶ አብዱልሃኪም በምርኩዝ እየሄዱ ሻንጣ ገዙ። ከተማው በየመንገዱ የጡሩምባ ጩኸት ሆነ። በሰባተኛው ቀን አቶ አካሉ አልሄድም ብለው ጻፉ፤ ምክንያት አልሰጡም።

በማግሥቱ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ደጋፊ ደጃቸው ተሰበሰበ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ የቆርቆሮው አጥር እስኪዘም ተነቀነቀ። ፈሪ ተባሉ። ጉቦ በላ ተባሉ፤ ሚስቱ ከለከለችው የተባለም አለ። ወይዘሮ ማኅሌት ጡት የሚጠባ ልጅ አቅፈው ከበሩ ኋላ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል ያን ቀን የነበራችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የአቶ አብዱልሃኪም ቃል ነበር። በበሩ ቀዳዳ «እግሬን ይቅር ብየዋለሁ፤ ይህን ግን እስክሞት ይቅር አልለውም» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጓደኛሞች አልተነጋገሩም።

አቶ አካሉ መኖሪያቸውን ወደ ሹም አቦ ሰፈር አዛውረው ቀሪ ዘመናቸውን በመኪና መንዳት አስተማሪነት አሳለፉ። ማዕበሉ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እያሉ የሳቁባቸው ብዙ ነበሩ። እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ውድድር በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይረግጥ እንደ ነበር ልጃቸው አደይ ትመሰክራለች። ደጋፊዎችም በየዓመቱ ተሰብስበው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ስንተኛ ይወጣ ነበር እያሉ ሰከንድ ሲቆጥሩ ኖረዋል። አላጋነናችሁም። የሚደርሱበትን ከፍታ እርሳቸውም ያውቁት ነበር።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። አቶ አካሉ በዚያ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የጓደኛቸው ትንፋሽ ሲቆም በእጃቸው ታውቋቸው ነበር። ያን ጊዜ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ አብዱልሃኪምን ብታተርፊልኝ ዳግመኛ ለውድድር መሪ አልጨብጥም ብለው ተሳሉ። ትንፋሹ ተመለሰ። የካቲት 16 ቀን በበዓሏ ዕለት ሄልሜታቸውንና ያን የማስታወሻ ደብተር ይዘው በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ፤ ስእለታቸውን ለቤተ ክርስቲያኗ ሲያስገቡ አብራቸው የነበረችው እህታቸው ብቻ ናት።

የናይሮቢው ደብዳቤ ሲመጣ አልተፈተኑም ማለት ሐሰት ነው። ስድስት ቀን እህል አልቀመሱም። በስድስተኛው ቀን አባታቸው ዘንድ ሄደው ስእለት የሚፈታበት ሥርዓት እንዳለ ጠየቁ። መሪጌታም «አለ፤ ግን ጓደኛህ ሲተነፍስ እያየህ ነውን የምትጠይቀኝ?» አሏቸው።

ለጓደኛቸው ለምን አልነገሯቸውም የሚል ይኖራል። እህታቸውም ይህንኑ ደጋግማ ጠይቃለች፤ ተጣልታቸዋለችም። «ብነግረው እስትንፋሱን ባሰበ ቁጥር እኔን ያስባል፤ እየጠላኝ በነፃነት ይኑር» ነበር መልሳቸው። እርሷንም በመስቀል አስምለው ሆድ ይፍጀው አሏት።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አቶ አካሉ በጉበት ሕመም ተያዙ። በኅዳር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ አብዱልሃኪም እያነከሱ እስከ ሹም አቦው ደጃፍ መጥተው ቆመው ነበር። እህታቸው በመስኮት አየቻቸው። በሩ በእጇ ነበር፤ መሐላውም በአንደበቷ። ግቡ ብላ ልትጠራቸው ትችል ነበር። ከገቡ ፊቴ ላይ ያነቡብኛል ብላ ፈራች፤ አልጠራቻቸውም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ተመለሱ። ስለዚህ ቀን እህታቸው እስከ ዕለተ ሞቷ ታለቅሳለች። ለወንድሟ ስትነግራቸው «ከሞትሁ በኋላ ንገሪው። እኔ ፊቱን እያየሁ አልቻልሁም» ብለው ከመሐላዋ ፈቷት።

አቶ አካሉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። አስከሬናቸው ከዚህ ከሐይቁ ዳር በጀልባ ተሻግሮ በዘጌ በአባቶቻቸው መቃብር ያርፋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማኅሌት፣ ከልጆቻቸው ከግሩምና ከአደይ፣ ከእህታቸውም ጋር ቤተሰቡ አቶ አብዱልሃኪም መስዑድን በወንድምነት ከሐዘንተኞቹ ይቆጥራል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ አቶ አብዱልሃኪም ለቀብሩ ይምጡ አይምጡ አልታወቀም ነበር። አሁን ከመካከላችሁ ካሉ፣ ደጋፊዎች መንገድ ልቀቁላቸው፤ እግራቸው ፈጥኖ አይሄድም። ሣጥኑን ወደ ጀልባው የሚሸከሙት አምስት ሰዎች ናቸው። ስድስተኛው እጀታ፣ የፊተኛው የቀኝ ወገን፣ አልተያዘም። እርሳቸው ካልመጡም ማንም አይያዘው።

አምላከ ጥዑመ ልሳን ወወለተ ሩፋኤል የወንድማችንን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ እመቤታችንም የገቡላትን ቃል መጠበቃቸውን ትመስክርላቸው። ለአቶ አብዱልሃኪምም ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ወንድማችን የተሳሉት ለዚያ ነበርና።