አፖሊስ ይሄድበት የነበረው ዳርቻ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7
ልብስ አጠብኩ፤ አልደረቀም። ሰማዩ ከደቡብ በኩል ጠቁሯል። ሲና በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ዓሣ ሰጠችኝ። ሁለት ጭንቅላትና አንድ ጅራት... ለእኔ ለወንድሟ ሚስት የምትሰጠው ይሄንኑ ነው። ሾርባ ሠራሁበት። ጣፈጠኝ፤ አልነግራትም።

ሮሼል ደወለች። አባባ ከሞተ ወዲህ እዚያ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። ቅዳሜ በመኪና መጥታ ዎስተር፣ እሷ ቤት ልትወስደኝ ነው። ባሕር የለም፣ ነፋስ የለም፣ ይሞቅሻል ትላለች። እሺ አልኩ። አንድ ልጄ ናት፤ ምን እላለሁ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8
ማዕበል። ጀልባዎቹን ሁሉ ወደ ላይ ጎትተዋቸዋል። በር አልከፈትኩም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
ኤልሳቤ ከስትራይስባይ ደወለች። ማዕበል የተፋቸውን የባሕር ኤሊ ጫጩቶች ተቀብላ የምታስታምመው እሷ ናት። ከወደቡ እስከ ዋሻው ያለውን ዳርቻ የሚያይላት ባሌ አፖሊስ ነበር። ዘንድሮ ሰው የለኝም አለች፣ ፈራ ተባ እያለች። ከቀብሩ ወዲህ ወደዚያ ወርጄ አላውቅም። አልችልም ልላት አፌን ስከፍት «እሺ» ወጣ።

ሲና ካልመጣሁ አለች። «ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪ ሬሳሽን ፍለጋ የምከራተተው እኔ ነኝ።»

ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አሸዋው ፊት ይገርፋል። የባሕር አረሙን ክምር በዱላ እየገለጥን ሄድን። ላስቲክ፣ የሞተ ወፍ፣ ገመድ...

አፖሊስ እንዲህ ያለ አየር ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ በዝናብ ባዶ ራሱን መጣ፤ ኮፍያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ። ውስጡ ኤሊ። ለዚህች ብለህ ሳንባህን ልታስመታ ነው ብዬ ጮህኩበት። «ሌንዬ፣ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ የመጣች እንግዳ ናት» አለኝ። ሮሼል ያኔ ትንሽ ነበረች። ሦስታችንም ወለሉ ላይ በሆዳችን ተኝተን ስትተነፍስ አየናት። ያን ቀን ምን በላን? ትዝ አይለኝም። ሳቃችን ግን...

ዋሻው አጠገብ ሲና አንዲት አገኘች። መዳፍ አትሞላም፤ ጀርባዋ ላይ ዛጎል ተለጥፎባታል። ወደ ውሃው ልትወረውራት ስትል እጇን ያዝኩ። ደክሟት ነው የወጣችው፣ ብትመለስ ትሰጥማለች፣ ደረቅ ካርቶን ውስጥ ነው የምትቀመጠው አልኳት። ኤሊ በደረቅ፣ አለችና አየችኝ፤ ያበድኩ መሰላት።

ጎርፉ መንገዱን ዘግቶታል። ኤልሳቤ ነገ ካልሆነ አትደርስም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10
ሞተች። ጠዋት ካርቶኑን ስከፍት አንገቷ ተዘርግቷል።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እያየኝ እምቢ ያለ እንባ... ይህችን ለምታህል ኤሊ? ሲና ገብታ አገኘችኝ። ሻይ አፈላች፤ ስኳር አበዛችበት። ቆይታ «ወንድሜስ ሁሉንም አድኗል እንዴ?» አለችኝ።

አላዳነም። የሞቱበት ቀን ከሰው ሳይነጋገር መረብ ሲጠግን ይውል ነበር። በነጋታው ግን ይወርዳል።

ወረድን። ምንም አላገኘንም። ሲና ግን ስለ ልጅነታቸው አወራችልኝ። ከማዕበል በኋላ እናታቸው እንጨት ልቀሙ ብላ ትልካቸዋለች። እሷ ተሸክማ ስትመለስ እሱ ሸርጣን ሲያይ ውሎ ባዶ እጁን ይመጣል። ዱላውን ደግሞ የምትቀምሰው እሷ፤ ለምን ጥለሽው መጣሽ ተብላ። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ አጥር ኖረን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ወይስ ጠይቄያት አላውቅም?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11
ሮሼል ሳትደርስ በማለዳ ወረድኩ። ዳርቻውን ልሰናበት ነበር። ወደቡ ሥር፣ አረሙ ውስጥ ሁለት ኤሊዎች! አንዷ እጄን በእግሯ ቀዘፈችው።

ቤት ስመለስ ሮሼል ሻንጣዬን ጭናለች። የት ጠፋሽ ብላ ልትቆጣ ስትል ካርቶኑን አየች። አጎንብሳ ብዙ ቆየች። «እማ... ይተነፍሳሉ» አለች። የልጅነት ድምፅዋ ነው።

መንገዱ ተከፍቷል። ስትራይስባይ አድርሽን አልኳት። ዎስተር መሄዱስ አለችኝ፤ እነሱ ይቅደሙ አልኩ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። አባቷን እያነሳን ስንስቅ፣ ስናለቅስ መንገዱ አጠረን። ኤልሳቤ መዘነቻቸው፣ አገላበጠቻቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ ይተርፋሉ አለች።

ስንመለስ ሮሼል ምንም ሳልላት ሻንጣዬን አውርዳ አስገባችው። ከፍቷታል? ፊቷን ማየት ፈራሁ። መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ከአባባ ብሰሽ ቁጭ አልሽ» አለችኝና ሄደች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30
ሬዲዮው ለቅዳሜ ማዕበል አለ ይላል። ለሲና ልነግራት ስወጣ ስልኩ ጮኸ። ሮሼል ናት፤ ሰምታለች። ነገ ከሥራ በቀጥታ ልትመጣ ነው። ቦት ጫማ ገዝታለች። ቢጫ።