«ከድሮም ነው» ያልኩ ዕለት

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ለመርፌዬ፣ ሳትወጋ ለማታልፈዋ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ግራ ክንዴ ተሰብሮ ከመታሰሩ በቀር ደህና ነኝ። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትሳቂብኝ፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ እጅ ስለሌለ የስኳር ዕቃውን ጭኜበት ነው የምጽፈው።

የሰበረኝ አባትሽ ነው። ሰኞ ዕለት የታጠበ ልብስ ታቅፌ ስገባ መዶሻውን ይዞ ከበሩ ኋላ ጠበቀኝ። «ሌባ! የማን ቤት መሰለሽ?» ብሎ ለራሴ የሰነዘረውን በክንዴ መከትኩት። አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ከወደቅኩም በኋላ አልተወኝም፤ ጎኔን በጫማው ደጋግሞ ሲረግጠኝ ቁርጭምጭሚቱን ነክሼ አደማሁት። ከዚያ ድንገት ቆመና «ምነው መሬት ላይ ተኛሽ? ምሳ ደረሰ?» አይለኝም መሰለሽ! እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ክንዴ የታሰረበት ሆስፒታል አባትሽን ለያዘው የመርሳት በሽታ አዲስ ጥናት ጀምሯል። ጭንቅላት ላይ መሣሪያ ደግነው አንጎልን በማግኔት ይቀሰቅሳሉ፤ ቢላዋ የለው፣ መርፌ የለው። ግን የሚያስገቡት መርጠው ነው። ዕድሜው ሆነለት። በሽታው ገና ጀማሪ መሆን አለበት ሲሉ ያንንም በጭንቅ አለፈ። አብሮት የሚኖርና ስለ እሱ የሚመሰክር ሰው ሲሉ እኔ አለሁ። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ካለ አይሆንም ሲሉ ግን ልቤ ቀጥ አለ፤ ዕድሜ ልኩን የብረት በር ሲበይድ የኖረ ሰው! በራጅ አዩት፤ ዓይኑ ውስጥ የብረት ብናኝ እንኳ የለም። ነርሷ ስትገረም፣ «ምን ይገባበታል፣ እሱ ራሱ ብረት ነው» አልኳት።

የተያዝኩት በመጨረሻው ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ክንዴን እያየ፣ «እማማ፣ ባለቤትዎ ይመቱዎታል?» አለኝ።

«ኧረ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አልኩት። አርባ ዓመት ስለው የኖርኩትን ነው፤ አፌ ለምዶታል።

«ይንገሩኝ። ጠቡን ያመጣው በሽታው ከሆነ ገፍቶባቸዋል ማለት ነው፤ አንቀበላቸውም። ከድሮም ጠባያቸው ከሆነ ግን ለእርስዎ ጥበቃ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።»

አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል።

«ከድሮም ነው» አልኩ። «ከሠርጋችን ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ።»

አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰው! ያወለቀውን ጥርሴን ነገርኳቸው። በኤሌክትሪክ ገመድ የገረፈኝን ነገርኳቸው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ከደረጃ እንዴት እንደወረወረኝ፣ አንቺ እህት ወይ ወንድም ያጣሽው ለምን እንደሆነም ተናገርኩ። ነርሷ መጻፏን አቆመች። አባትሽ ቀና ብሎ፣ «ማነው ይሄን ያደረገ ባለጌ?» አለ።

«አንተ ነህ።»

«እኔ? ሴት ልመታ?» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በደህናው እጄ ላንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የእኔ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ያኔ ቤቱ ውስጥ የኖረ ዘመድ ይናገር አሉኝ። ስልክሽን ሰጥቻለሁ፤ ማክሰኞ ይደውሉልሻል።

ልጄ፣ በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ለአክስትሽ «አባዬ አንድ ቀን ይገድላታል» ስትያት፣ በሰው ፊት በጥፊ ብዬሽ ከንፈርሽን አደማሁት። ውሸታም አልኩሽ። የዚያች ጥፊ ጥፋት የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ገመናዬን ስደብቅ አንቺን አጣሁሽ። ይቅር በይኝ።

«ታዲያ ለእሱ ምን አለፋሽ?» ትዪኝ ይሆናል። ጎረቤቶቼ ፍቅር ነው ይላሉ፤ ይበሉ። እኔ እንዲድን የምፈልገው እንዲያስታውስ ነው። አሁን እሱ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥግብ ብሎ ይተኛል፣ ሁሉንም የተሸከምኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። አእምሮው ለአንዲት ቀን ይመለስልኝና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ልንገረው፤ እሱም «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይበለኝ። ከዚያ ወዲያ ቢረሳው ይርሳው።

በሽታው ነው ካልሻቸው ከጥናቱ ይቀራል፤ ጠባዩ ነው ካልሽ ይገባል። እንድትዋሺልኝ አይደለም የምለምንሽ፤ ያኔ ያስዋጥኩሽን እንድትናገሪው ነው። መናገር ካልፈለግሽም አልቀየምሽም።

ክፉ እጅ አይንካሽ። እጅሽን የሚይዝ እንጂ እጁን የሚያነሳብሽ አይግጠምሽ። ማክሰኞ ስልኩ ሲጮህ፣ እኔን ባትምሪኝም እንኳ አንሺው።

እናትሽ