ስለ ሚስተር ፔስኮድ ዕረፍትና ስለ ዝይ መተላለፊያው ፖስት ካርድ

የዌንደርቢ ከተማ ታሪክ ማኅበር፣ የፖስት ካርድ ክፍል ኃላፊው ሚስተር ዊልፍሬድ ፔስኮድ ባለፈው ማክሰኞ በልብ ሕመም ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሐዘኑ ጥርጣሬም አለበት።

ሚስተር ፔስኮድ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭ ሳሉ፣ የከተማችንን የድሮ ፖስት ካርዶች መሰብሰብ ጀመሩ። የበግ ጨረታው፣ የገበያው አደባባይ፣ የፈረሰው ወፍጮ ቤት ዛሬ በምስል የሚታዩት በእሳቸው ድካም ነው።

በ1962 አልበማቸውን በማኅበሩ አዳራሽ ለሕዝብ አሳዩ። ካርድ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነበር፤ አጠገቡ ያስነጠሰ ሰው ወደ ውጭ ይሸኝ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት በ1907 የታተመውና በፖስታ ተልኮ የማያውቀው የዝይ መተላለፊያ ካርድ ነበር። የዚህ ጠባብ መንገድ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሴቶች ዝይ በቅርጫት ይዘው ወደ ገበያ ሲገቡ ያሳያል።

በዚህ ዓመት፣ በ1978፣ ከመተላለፊያው ጎን ያለውን መጠጥ ቤት የገዙት ሚስተር ግሪምሾ፣ መንገዱ የግሌ ነው ብለው በሩን ሊዘጉ ጠየቁ። ከተዘጋ በገበያው የኋላ ረድፍ የሚሸጡ ነጋዴዎቻችን መግቢያ የላቸውም። መንገዱ የሕዝብ ለመሆኑ የቀረን ማስረጃ ያ ካርድ ብቻ ነው። የማኅበሩ ኮሚቴ ረቡዕ ዕለት ቤታቸው ሄዶ አልበሙን ሲገልጥ የካርዱ ቦታ ባዶ ነበር። ሚስተር ፔስኮድ በቅርቡ ከሚስተር ግሪምሾ ጋር ገበያ መሐል ሲጨባበጡ አባላት አይተዋል። ማኅበሩ ሟችን አይወቅስም፤ ዓይኑንም አይጨፍንም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤኒድ ስለ ካርዱ ሲጠየቁ፣ «ሰውዬው እንኳ ሳይቀበር አልበሙን ታገላብጣላችሁ? ውጡልኝ! ዊልፍ እንደሆነ ድሮም ያውቃችኋል» ብለዋል። ኮሚቴው ንግግሩን የሐዘን ነው ብሎ አልፎታል።

እስከዚህ ያለው የተጻፈው ረቡዕ ነው። ዓርብ ዕለት በከተማው አዳራሽ የሚስተር ግሪምሾን አቤቱታ የሰሙት የአውራጃው ዳኛ ካርዱን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሚስተር ፔስኮድ ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በፖስታ ልከውላቸው ኖሯል። ዳኛው ጀርባውን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «በኮሚቴው እጅ እንዳያልፍ ብዬ በቀጥታ ልኬዋለሁ። ሊቀ መንበሩ የግሪምሾ አማች ነው።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበራችን አልሳቁም። ዝምድናው እውነት ነው፤ ጉዳዩን አይመለከትም ብለን አላነሳነውም ነበር።

መተላለፊያው የሕዝብ ነው ተብሎ ተወስኗል። ሚስተር ፔስኮድ ማንም ትንፋሹን እንዳያሳርፍበት ይከላከሉት የነበረው ካርድ አሁን ማኅተም ተመትቶበታል፤ ቴምብሩንም በምላሳቸው አርሰው የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። ከሚስተር ግሪምሾ ጋር ለምን እንደተጨባበጡ ግን እስካሁን አላወቅንም።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ኤኒድ፣ ለልጆቻቸውና ለኋላ ረድፍ ነጋዴዎች ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው ይላል። የረቡዕን ጽሑፍ ቀድደን አዲስ ልንጽፍ ወይዘሮዋን ብናስፈቅድ፣ «አንዲት ቃል እንዳትነኩ! ያላችሁትን ሁሉ ከተማው ያንብበው» አሉን።

እንዳለ አውጥተነዋል።